ቁልፉን ለእኛም ስጡን

ለ፦ ባንኮች፣ የዲጂታል ክፍያና የብድር አገልግሎት ሰጪዎች እንዲሁም የኦንላይን ገበያ ባለቤቶች

ጉዳዩ፦ ደንበኛ የራሱን ወጪ በራሱ ፈቃድ የሚያዘገይበትና የሚዘጋበት አሠራር እንዲዘረጋ ስለመጠየቅ

ክቡራን፣

ከደንበኞቻችሁ አንዱ ነኝ። በእናንተ መዝገብ «ንቁ ደንበኛ» ተብዬ የተመዘገብሁ ይመስለኛል፤ ሂሳቤ ይንቀሳቀሳል፣ ካርዴ አያርፍም፣ የምትልኩትን የቅናሽ ማስታወቂያ ሳልከፍት አላልፍም። በሐኪሜ መዝገብ ግን ይኸው ባህርይ የምርመራ ውጤት ሆኖ ተጽፏል፤ የመግዛት ግፊትን መቆጣጠር የተሳነው ታካሚ ነኝ። ሁለቱ መዝገቦች እንዲገናኙ አልፈልግም፤ ለምን እንደማልፈልግ ወደ በኋላ እገልጻለሁ። የምጠይቀው ከሂሳቤ ገንዘብ የሚወጣበትን ፍጥነት ራሴ እንድወስን ብቻ ነው። ዛሬ ይህን መብት የያዛችሁት እናንተ ናችሁ፤ ለእኔ የቀረልኝ መክፈል ነው።

በቅድሚያ ስለ ሕመሙ ጥቂት ልበል። ሰዎች «ገንዘብ አያያዝ የማያውቅ»፣ «እጁ ላይ ገንዘብ የማይበረክትለት» ይሉናል፤ ሲከፋም «ለታይታ የሚኖር»። አባካኝ ሰው አለ፤ አልክድም። አባካኝ ግን ባወጣው ገንዘብ ይደሰትበታል፤ ይለብስበታል፣ ይጋብዝበታል፣ ይታይበታል። የእኛ ዕቃ በአብዛኛው ከነካርቶኑ ነው የሚቀመጠው። የዋጋው ወረቀት ሳይነሳለት ዓመት የሚያልፈው አለ። አንዳንዱን ለሰው እንሰጠዋለን፤ አንዳንዱን ቤተሰብ እንዳያየው እንደብቀዋለን፤ አንዳንዱን ደግሞ መግዛታችንን ረስተን ደግመን እንገዛዋለን። ዕቃውን ብንፈልገው ኖሮ ነገሩ እንዴት በቀለለ! ግፊቱ ሲመጣ ደረት ይጠብባል፤ ሐሳብ አንድ ነገር ላይ ተተክሎ አልነቀል ይላል፤ የያዝነው ሥራም ሆነ የሚያናግረን ሰው ይደበዝዝብናል። ክፍያው እንደተፈጸመ ይለቀናል። ቀጥሎ የሚመጣው ኀፍረት ነው፤ ኀፍረቱ ደግሞ ራሱ ጭንቀት ስለሆነ የሚቀጥለውን ግፊት ይጠራል። በዚህ ዙር ውስጥ ዕቃው ያለው ድርሻ ትንሽ ነው። እንዲያውም ዕቃው ቤት ሲደርስ ብዙዎቻችን ደስ አይለንም፤ ያደረግነውን የሚመሰክርብን ማስረጃ ነውና።

ይህ ዘመን ያመጣው ሰበብ እንዳይመስላችሁ። (በዚህ ደብዳቤ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ጀርመናዊው የአእምሮ ሐኪም ኤሚል ክሬፔሊን በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ይህን ከቁጥጥር የወጣ ግዢ ኦኒዮማኒያ ብሎ በመማሪያ መጽሐፉ ገልጾታል። ስዊዘርላንዳዊው የአእምሮ ሐኪም ኦይገን ብሎይለርም በ1924 በእንግሊዝኛ በታተመው የመማሪያ መጽሐፉ ከግፊት ከሚመነጩ ችግሮች ጋር አነሣው። ከዚያ በኋላ ጉዳዩ ለረጅም ጊዜ ተረስቶ ቆይቶ ወደ 1980ዎቹ መጨረሻ ላይ ተመራማሪዎች እንደገና አነሡት። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ2013 ባወጣው የምርመራ መመሪያ ራሱን የቻለ ሕመም አድርጎ አልመዘገበውም። የዓለም ጤና ድርጅት ግን ከ2022 መጀመሪያ ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው 11ኛው የበሽታዎች ምደባ ውስጥ፣ ግፊትን ከመቆጣጠር ጋር ከተያያዙ ሌሎች ችግሮች ጋር በምሳሌነት ጠቅሶታል። ሱስ ነው ወይስ የግፊት ችግር የሚለው ክርክር አላለቀም። ይከራከሩ፤ የተሻለ ሕክምና ከዚያ ክርክር ይወለድ ይሆናል። የወሩ መጨረሻ ግን የምደባውን ውሳኔ አይጠብቅልንም።

ብዛታችንም እንደምታስቡት ጥቂት አይደለም። በ2016 የታተመና ቀደም ሲል በተለያዩ አገሮች የተካሄዱ ጥናቶችን አሰባስቦ ያሰላ ጥናት፣ ከአዋቂዎች መካከል ወደ 5 ከመቶ የሚጠጉት ይህ ችግር እንዳለባቸው ገምቷል። «የሴቶች ነገር ነው» ለሚሉም መልስ አለ፤ በ2006 የታተመና በአሜሪካ ከ2,500 በላይ አዋቂዎችን በስልክ የጠየቀ ጥናት 6.0 ከመቶ ሴቶችንና 5.5 ከመቶ ወንዶችን አግኝቷል። ልዩነቱ ከቁም ነገር የሚገባ አይደለም። ወንዱ የገዛውን «መሣሪያ» ወይም «ለሥራ የሚያስፈልግ» ስለሚለው ነው ሳይታይ የሚያልፈው።

አሁን ወደ እናንተ ድርሻ ልምጣ። የነርቭ ሳይንስ ተመራማሪው ቮልፍራም ሹልትስና ባልደረቦቹ በ1990ዎቹ በዝንጀሮዎች አንጎል ላይ ያደረጉት ምርምር አንድ ነገር አሳይቶናል። ዶፓሚን የተባለውን የአንጎል ኬሚካል የሚያመነጩት የነርቭ ሕዋሳት መጀመሪያ ላይ የሚነቁት ሽልማቱ ሲሰጥ ነው። እንስሳው ሽልማቱን የሚያስቀድመውን ምልክት ከለመደ በኋላ ግን የሚነቁት ምልክቱ ሲታይ ይሆናል፤ ሽልማቱ ራሱ ሲመጣ ያን ያህል አይነቃነቁም። የእኔ ስልክ እንዲህ ባሉ ምልክቶች የተሞላ ነው። ቀይ ነጥብ፣ ወደ ኋላ የሚቆጥር ሰዓት፣ «ሁለት ብቻ ቀርቷል» የሚል ጽሑፍ፣ «ቅርጫትዎ ውስጥ የረሱት ዕቃ አለ» የሚል መልእክት። አልረሳሁትም። እየታገልሁት ነበር።

ግፊቱን የምናውቀው እኛ ስለ እርሱ የምንመሰክረው አንድ መልካም ነገር አለ፤ ዕድሜው አጭር ነው። ካልመገቡት ይወጣል፣ ይበረታል፣ ይወርዳል። ሐኪሞች በዚህ ሕመም ላይ የሚጠቀሙበት የአስተሳሰብና የባህርይ ሕክምናም አንዱ ምሰሶው ይኸው ነው። ሕመምተኛው ግፊቱን የሚቀሰቅሰውን ነገር መለየት፣ በፍላጎቱና በክፍያው መካከል ጊዜ ማስገባት፣ ጊዜው ሲያልፍ ምን እንደተሰማው መመዝገብ ይማራል። መድኃኒቱ እንግዲህ ጊዜ ነው። ስለዚህም ነው ደብዳቤዬ ለሐኪሞች ሳይሆን ለእናንተ የተጻፈው፤ ጊዜውን ከመካከል ያወጣችሁት እናንተ ናችሁ።

ያወጣችሁትም በድካምና በገንዘብ ነው። በአንድ ንክኪ የሚፈጸም ግዢ በአሜሪካ በ1999 ለአማዞን የፈጠራ መብት የተሰጠበት ነገር ነበር፤ መብቱ በ2017 ሲያበቃ ሁሉም የሚጠቀምበት ሆነ። አስቡት፤ ደንበኛው የሚያስብባት ያች ጥቂት ሰከንድ መወገዷ በሕግ የሚጠበቅ ሀብት ነበረች። ከዚያ ወዲህ የካርዱ ቁጥር በስልኩ ተቀመጠ፤ የምስጢር ቁጥሩን የጣት አሻራ ተካው፤ ገንዘብ ያጠረው ደንበኛ ቅር ሳይለው የሚወጣበት «አሁን ይውሰዱ፣ በኋላ ይክፈሉ» የሚል ቁልፍ ከመክፈያው ቁልፍ ጎን ተቀመጠለት። በ2001 የታተመ የድራዘን ፕሬሌክና የደንከን ሲመስተር ጥናት፣ ለስፖርት ውድድር ትኬት በካርድ እንዲከፍሉ የተነገራቸው ተማሪዎች በጥሬ ገንዘብ ከሚከፍሉት እስከ እጥፍ የሚደርስ ዋጋ እንዳቀረቡ አሳይቷል። እነዚያ ጤነኞች ነበሩ። ገንዘብ ከእጅ ሲወጣ የሚሰማው ቅሬታ ሰውን ሁሉ ይጠብቃል፤ ከእኔ ላይ እርሱን ስታነሡልኝ ግን የቀረኝን አንድ ዘበኛ ነው ያሰናበታችሁት።

ክፉ ሐሳብ ነበራችሁ አልልም። ለብዙው ሰው ፍጥነት ምቾት ነው። የታመመች እናቱ ጋ ሆኖ በስልኩ ሂሳብ የሚከፍል ሰው ሦስት ጊዜ «እርግጠኛ ነዎት?» ተብሎ እንዲጠየቅ አልሻም። ጥያቄዬ የሁሉም ሰው መንገድ እንዲዘገይ አይደለም። መዘግየት ለሚፈልግ ሰው የመዘግየት ምርጫ እንዲኖረው ነው። ፍጥነትን ለመምረጥ ብዙ ቁልፍ ሠርታችኋል። ዝግታን ለመምረጥ የሠራችሁት ስንት ነው?

«ደንበኛው እንደታመመ በምን እናውቃለን?» የሚል መልስ ሲሰጥ ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ይቅርታ ይደረግልኝና ይህን መልስ አልቀበለውም። ካርዴ ሄጄበት በማላውቅበት ከተማ ቢሞከር በሰከንዶች ውስጥ ታግዱታላችሁ። ልማዴን ታውቁታላችሁ ማለት ነው። በየትኛው ሰዓት እንደምገዛ፣ ደመወዝ በገባ በስንተኛው ቀን እንደምደክም፣ የትኛው ቃል እንደሚያነሣኝ የሚያውቅ ሥርዓት አላችሁ፤ ማስታወቂያው በዚያ ሰዓት የሚደርሰኝ በአጋጣሚ አይደለምና። ሌባ ሲመጣ የሚነቃው ዕውቀት እኔ ራሴ በራሴ ላይ ስነሣ ይተኛል።

ይህ ነገር አዲስ አይደለም። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት የአብርሃም ሊንከን ባለቤት የነበረችው ሜሪ ሊንከን፣ ባሏ ከተገደለ 10 ዓመት በኋላ በግንቦት 1875 ቺካጎ ላይ «አእምሮዋ ጤነኛ ነው ወይስ አይደለም» በሚል ፍርድ ቤት ቀረበች። ክሱን ያነሣው በሕይወት የቀረላት ብቸኛ ልጇ ነው። ከቀረቡት ምስክሮች መካከል የሱቅ ሠራተኞች ነበሩ፤ ከመጠን ያለፈ ግዢዋን እየዘረዘሩ መሰከሩባት። የዳኞቹ ጉባኤ ጤነኛ አይደለችም ብሎ ወሰነ፤ ወደ አእምሮ ሕሙማን ማቆያ ተላከች፣ ገንዘቧንም የማዘዝ መብቷን አጣች። ከወራት በኋላ ከማቆያው ወጣች፤ በ1876 ደግሞ ሌላ የዳኞች ጉባኤ አእምሮዋ ተመልሷል አላት። ሐኪሞች ምን ነበረባት የሚለውን እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል፤ እኔ እዚያ አልገባም። ልቤን የሚይዘው ምስክሮቹ ናቸው። ሲሸጡላት ደንበኛ ነበረች፤ ፍርድ ቤት ሲጠሩ ሕመምተኛ ሆነች። ዕቃውን እንደሸጡላት ሁሉ መብቷን ለማሳጣትም የረዱት እነርሱ ናቸው።

ሁለቱ መዝገቦች እንዳይገናኙ የምፈልገው በዚህ ምክንያት ነው። ሕመሜን ለእናንተ ማሳወቅ ካለብኝ፣ ነገ ብድር ስጠይቅ እንደማይጠቀስብኝ፣ ወለድ እንደማይጨመርብኝ፣ ለሌላ ድርጅት እንደማይተላለፍ ማን ዋስ ይሆነኛል? አሳዳጊ እንዲሾምብኝ አልፈልግም። በሂሳቤ ላይ ቀይ ምልክት እንዲደረግብኝም አልፈልግም። ስለዚህ የምጠይቀው አሠራር የሐኪም ማስረጃ የማይጠይቅ፣ ምክንያት የማያስጽፍ፣ ማንም ደንበኛ በመቼት ገጹ ውስጥ ገብቶ የሚያበራው ይሁን። ለበዓል ገንዘብ ማጠራቀም የፈለገ ጤነኛም ይጠቀምበት፣ እኔም ልጠቀምበት። ብዙ ሰው ሲጠቀምበት እኔን ለይቶ የሚጠቁም ነገር አይኖርም።

የምጠይቀው ምን እንደሆነ በግልጽ ላስቀምጥ። አንደኛ ነገር፣ መቆለፊያ፤ የተወሰነ ዓይነት ግዢን፣ የተወሰነ ሻጭን ወይም ከተወሰነ ሰዓት በኋላ የሚደረግን ክፍያ ሁሉ ራሴ የምዘጋበት። መዝጋቱ ወዲያው፣ መክፈቱ ግን ቢያንስ ሁለት ቀን የሚፈጅ ይሁን። የነገሩ ሁሉ ነፍስ እዚህ ላይ ነው። ወዲያው የሚከፈት መቆለፊያ ለእኛ መቆለፊያ አይደለም፤ ግፊቱ የሚያሸንፈው አንድ ተጨማሪ ደረጃ ብቻ ነው። የማይቻል ነገር እንዳትሉኝ፤ ብሪታንያ ውስጥ ሞንዞ የተባለው ባንክ በ2018 ደንበኞች የቁማር ክፍያን ራሳቸው የሚዘጉበትን አሠራር ጀምሯል፤ መልሶ ለመክፈት 48 ሰዓት መጠበቅ ግድ ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ ባርክሌይስ ደንበኞች የተለያዩ የሻጭ ዓይነቶችን እየመረጡ እንዲዘጉ ፈቀደ። ሌሎችም ተከትለዋል።

ቁማርን መዝጋት የቀለለበት ምክንያት እንዳለ አውቃለሁ። በካርድ ክፍያ ሥርዓት ውስጥ እያንዳንዱ ሻጭ የዘርፍ ኮድ አለው፤ የቁማር ኮድ 7995 ነው፤ እርሱን ካገዱ አብዛኛው ታገደ። ግዢ ግን አንድ ኮድ የለውም። ዛሬ አንድ የኦንላይን ገበያ የሕፃን ወተትም ጫማም ይሸጣል፤ ገበያውን በሙሉ ብዘጋው ልጄ ይራባል። ለዚህ ነው ከዘርፍ እገዳ በተጨማሪ ማዘግየት የሚያስፈልገው። ራሴ ከወሰንሁት መጠን በላይ የሆነ ክፍያ ወዲያው ከመሄድ ይልቅ ለአንድ ቀን ተይዞ ይቆይ፤ በማግስቱ «ይቀጥል?» ብላችሁ ጠይቁኝ። መልስ ካልሰጠሁ ይሰረዝ። ዝም ማለት ዛሬ በሁሉም ቦታ «እሺ» ተብሎ ይተረጎማል፤ የነፃ ሙከራ ጊዜው ሲያበቃ ሳይጠይቅ መቁረጥ የሚጀምር አገልግሎት ሁሉ ምስክር ነው። አንድ ቦታ ላይ እንኳ ዝምታዬ «አይሆንም» ማለት ይሁን።

ብድርን በተመለከተ አጭር ነው። ያልጠየቅሁትን አትላኩልኝ። የብድር ጣሪያዬን ሳልጠይቅ ከፍ አታድርጉ፤ «እንኳን ደስ አለዎት» ብላችሁ ደግሞ አታብስሩኝ። የብድር ግብዣን ለዘለዓለም የሚያጠፋ አንድ ቁልፍ ይኑር። የካርዴን ቁጥር ለማስቀመጥ አንድ ንክኪ ከበቃ፣ ለመሰረዝም አንድ ይብቃ። ከፈለግሁ የማምነው ሰው ትልቅ ክፍያ ሲፈጸም መልእክት ይድረሰው፤ መልእክት ብቻ። በገንዘቤ ላይ እንዲያዝዝ አልጠየቅሁም።

«ሰው ነፃ ነው፤ በገዛ ገንዘቡ ላይ ለምን እንገባለን?» ለሚለው መልሴ፦ አትግቡ። የምገባው እኔ ነኝ። ጠዋት ረጋ ብዬ ተቀምጬ «ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ አልገዛም» የምለው ሰው እኔ ነኝ፤ ሌሊት በስምንት ሰዓት ስልኩን የሚያነሣውም እኔ ነኝ። አሁን ባለው አሠራር የሌሊቱ ሰው ብቻ ነው ነፃ። ጠዋት ያለው ሰው የወሰነውን የሚያስከብርበት አንድ ቁልፍ እንኳ የለውም። ነፃነት የምትሉት ለሁለቱም ይሁን።

«ካርድህን አትቀድደውምን? መተግበሪያውን አታጠፋውምን?» የሚሉም አሉ። ይህን ሁሉ አድርገናል፤ ከእኛ መካከል ያላደረገው የለም። ካርድ ቀደን አዲስ አውጥተናል፤ መተግበሪያ አጥፍተን ከግማሽ ሰዓት በኋላ መልሰን ጭነናል። የመጠጥ ችግር ያለበት ሰው መጠጥን ፈጽሞ ሊተው ይችላል፤ ከባድ ቢሆንም መንገዱ ግልጽ ነው። መግዛትን ግን ማን ይተዋል? ደመወዝ በባንክ ይገባል፣ መብራትና ውሃ በስልክ ይከፈላል፣ መድኃኒትም ይገዛል። በየቀኑ ከሚያሳምመን ነገር ጋር በልክ እየኖርን መዳን ነው የተፈረደብን። በልክ ለመኖር ደግሞ ልኩን የሚያስቀምጥ መሣሪያ ያስፈልጋል።

ሕግም ቢሆን ማሰቢያ ጊዜን ያውቃል። በአሜሪካ ቤት ለቤት እየዞረ ለሚሸጥ ነጋዴ የፈረመ ሰው በሦስት የሥራ ቀናት ውስጥ ውሉን እንዲሰርዝ የሚፈቅድ ደንብ ከ1970ዎቹ ጀምሮ አለ። በአውሮፓ ኅብረት ደግሞ የ2011ዱ የሸማቾች መብት መመሪያ በኢንተርኔት የተገዛን አብዛኛውን ዕቃ ምክንያት ሳይሰጡ በ14 ቀናት ውስጥ ለመመለስ ያስችላል። መልካም ነው፤ ይሁንና እኛን ብዙም አያድነንም። መመለስ ማለት ካርቶኑን መክፈት፣ ኀፍረቱን ማየት፣ ቅጽ መሙላት፣ ተሰልፎ መላክ ነው፤ ያፈረ ሰው ደግሞ ይሸሻል እንጂ አይሰለፍም። የማሰቢያ ጊዜው ከክፍያው በኋላ ሳይሆን በፊት እንዲሆን የምለምነው ለዚህ ነው።

ዕዳ ላይ ስንደርስ ነገሩ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ይሆናል። የአበዳሪው ስልክ ጭንቀት ያመጣል፤ ጭንቀቱ ግፊት ያመጣል፤ ግፊቱ ሌላ ዕዳ። በቀን ደጋግሞ የሚደውለው ሠራተኛ ይህን ላያውቅ ይችላል፤ ያዘዙት አለቆቹ ግን ሊያውቁት ይገባል። እንግሊዝና ዌልስ በግንቦት 2021 የጀመሩት የመተንፈሻ ጊዜ አሠራር ለባለዕዳ 60 ቀን ይሰጣል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ በሚመለከታቸው ዕዳዎች ላይ አብዛኛው ወለድና ቅጣት ይቆማል፣ አበዳሪም ዕዳውን ለማስከፈል አይነሣም። በከባድ የአእምሮ ሕመም ቀውስ ውስጥ ሆኖ ለሚታከም ሰው ደግሞ ሕክምናው እስኪያበቃ፣ ከዚያም በላይ 30 ቀን ይዘልቃል። ዕዳው አይሰረዝም። እኛም ይሰረዝ አላልንም። ሰው ታምሞ ሳለ የሚፈርመውን ስምምነት ሲድን አያከብረውም፤ እስኪሻለው ብትጠብቁት ለእናንተም ይሻላል።

ትርፋችሁ እንደሚቀንስ አውቃለሁ፤ እንደማይቀንስ ላሳምናችሁ አልሞክርም። በሌሊቱ ሰው ላይ የምታገኙት ገንዘብ አለ፤ ያ ይቀራል። ከዚህ ደብዳቤ በኋላ ግን «አላወቅንም» ማለት አይቻልም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ደንበኛችሁ

ግልባጭ፦

ለሕግ አውጪዎች፤ ከላይ የተጠየቀውን አገልግሎት ሰጪዎቹ በፈቃዳቸው ካልዘረጉት በግዴታ እንዲዘረጉት ታደርጉ ዘንድ። ብሪታንያ ከሚያዝያ 2020 ጀምሮ በክሬዲት ካርድ ቁማር መጫወትን ከልክላለች፤ የክፍያ ሥርዓቱ በዚያ ምክንያት አልፈረሰም።

ለቤተሰቦቻችን፤ ዕዳውን በአንድ ጊዜ ከፍላችሁ ጉዳዩ ያለቀ አይምሰላችሁ። መንገዱ ሳይዘጋ የተከፈለ ዕዳ ለእኛ አዲስ የመበደሪያ ቦታ ነው። ዕቃ ፍለጋ ቁም ሣጥን ስትበረብሩ ይበልጥ መደበቅን ታስተምሩናላችሁ። ከዚያ ይልቅ ረጋ ባልንበት ሰዓት አብራችሁን ተቀምጣችሁ የትኛው ሂሳብ የትኛው ስልክ ላይ እንዳለ አብረን እንጻፍ፤ ለወሩ የሚያስፈልገው ለብቻ ይቀመጥ። እኛ ላይ መጮህ ከወጪው በፊት ያለውን ጭንቀት ነው የሚያባብሰው።

ለሐኪሞች፤ ይህን ሕመም ይዞ የመጣ ሰው ስለ ገንዘብ አይነግራችሁም። ስለ እንቅልፍ ይነግራችኋል፣ ስለ ድብርት ይነግራችኋል፤ ስለ ካርዱ ግን ካልጠየቃችሁት ዝም ይላል። ስለዚህ ጠይቁ። ድንገት የተነሣ ከልክ ያለፈ ወጪ፣ በተለይ እንቅልፍ ከመቀነስና ከንግግር ብዛት ጋር ሲመጣ፣ ስሜት ከልክ በላይ ከፍና ዝቅ የሚልበት የባይፖላር ሕመም የከፍታ ጊዜው ምልክት ሊሆን ይችላል፤ ያ ደግሞ ሌላ ሕክምና ይሻል። የምታዙትንም መድኃኒት አስታውሱ። ለፓርኪንሰን የሚሰጡት እንደ ፕራሚፔክሶልና ሮፒኒሮል ያሉት መድኃኒቶች በአንዳንድ ሰው ላይ የቁማር፣ የግዢ፣ የወሲብና የመብላት ግፊትን ከቁጥጥር ያስወጣሉ። በ2010 የታተመና ከ3,000 በላይ የፓርኪንሰን ሕሙማንን ያካተተ ጥናት፣ ይህን ዓይነት መድኃኒት ከሚወስዱት መካከል 17.1 ከመቶ፣ ከማይወስዱት መካከል ደግሞ 6.9 ከመቶ እንዲህ ያለ ችግር እንዳለባቸው አግኝቷል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣንም በ2016 አሪፒፕራዞል በተባለው የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ላይ ተመሳሳይ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ዕድሜ ልኩን በቁጠባ የኖረ አንድ አዛውንት መድኃኒት ከጀመረ በኋላ ቤቱን በዕቃ ቢሞላው ልጆቹ «ጃጀ» ብለው ይተዉታል፤ እርሱም ያፍራል እንጂ መድኃኒቱን አይጠረጥርም። ማዘዣውን ስትጽፉ ይህን ለእርሱም ለቤተሰቡም አስቀድማችሁ ንገሩ። ለውጡን ካዩ መድኃኒቱን በራሳቸው ድንገት ከማቋረጥ ይልቅ በቶሎ ወደ እናንተ እንዲመጡ፣ መጠኑን መቀነስ ወይም መቀየር የእናንተ ሥራ እንደሆነም ጨምራችሁ ንገሯቸው።